የአዲስ አበባን የአርበኝነትና የጦርነት ቦታዎች በአንድ ቀን ለመጎብኘት የትኛው አስጎብኚ ይሻላል?

ከዋሽንግተን ወይም ከስቶክሆልም ለዕረፍት የሚመጡ ዘመዶቻችን፣ በተለይም እዚያው ተወልደው ያደጉ ልጆች ያሏቸው፣ አዲስ አበባን በአንድ ቀን ለማየት ምን ዓይነት አስጎብኚ መያዝ እንደሚሻል ደጋግመው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ስለ ጣሊያን ወረራ ዘመንና ስለ አርበኞች ቦታዎች ሲሆን መልሱ ከተለመደው የከተማ ጉብኝት ይለያል። የእኔን አስተያየት አስቀድሜ ልናገር፦ ለአማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ መኪናና ምሳ ያካተተ የሙሉ ቀን ጥቅል ከመግዛት ይልቅ፣ ፈቃድ ያለው አንድ የታሪክ አዋቂ አስጎብኚ በቀን ሒሳብ ይዞ መኪናውን በሚያስፈልግበት ቦታ ብቻ መጥራት፣ በገንዘብም በሚገኘው ዕውቀትም የተሻለ ነው።

የአስጎብኚ ድርጅቶች የአንድ ቀን ጥቅል በመሠረቱ የተሰናዳው ለውጭ አገር ጎብኚ ነው። ጧት እንጦጦ ይወጣል፤ ከዚያ ብሔራዊ ሙዚየም ገብቶ ድንቅነሽን ያያል፤ ከምሳ በኋላ ሥላሴ ካቴድራልንና መርካቶን ዞሮ ያበቃል። ዋጋው ብዙውን ጊዜ በዶላር ይነገራል፣ ከቀኑም ጥቂት የማይባለው ሰዓት በመንገድ መጨናነቅ ያልፋል። ለእኛ ቤተሰብ ዕቅድ ካቀረቡልን ድርጅቶች አንዱ ስድስት ኪሎን በተመለከተ የጻፈው «ፎቶ ማንሻ፣ 10 ደቂቃ» የሚል ብቻ ነበር። በአንጻሩ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አዛውንት ወይም ሕፃናት ካሉ፣ ከበር እስከ በር የሚያደርስ መኪና ቀኑን ሙሉ አብሮ መዋሉ ትልቅ እረፍት ስለሆነ ጥቅሉን ጨርሶ አልነቅፍም። እንዲህ ያለ ቤተሰብ ጥቅሉን ይግዛ፤ ሆኖም እንጦጦና መርካቶ ወጥተው በምትካቸው ስድስት ኪሎና ፒያሳ ሰፊ ሰዓት እንዲያገኙ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት በጽሑፍ ያስለውጥ። ድርጅቶቹ ይህን ሲጠየቁ እምብዛም አያስቸግሩም።

ለብቻው የሚሠራ አስጎብኚ ሲፈለግ በመጀመሪያ የሙያ ፈቃዱን ማየት ነው፤ ያለ ፈቃድ በሆቴል ደጃፍ ቆሞ «ላስጎብኛችሁ» የሚል ሰው ሙዚየም በር ላይ ሲደርስ ይቀራል። ሁለተኛው ነገር ዋጋው በሰው ሳይሆን በቡድን እንዲሆን መስማማት፣ የመግቢያ ክፍያ፣ የመኪናና የአስጎብኚው ምሳ በማን ኪስ እንደሚሆን ቁርጡን ማወቅ ነው። ሦስተኛውና ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው የዕውቀቱ ፈተና ሲሆን፣ ይህም በስልክ በአምስት ደቂቃ ይጠናቀቃል። ስለ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጠይቁት። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በጣሊያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ መወርወራቸውን ማንም ይነግራችኋል። በመኪናው የረዳቸውንና በኋላ ተይዞ በሥቃይ የሞተውን ስምዖን አደፍርስን የሚያነሣ፣ በዚያ ቀን ድሆች በቤተ መንግሥቱ ግቢ የተሰበሰቡት የጣሊያን ልዑል መወለዱን ምክንያት በማድረግ ለሚሰጠው ምጽዋት መሆኑን የሚያስረዳ ከሆነ ግን ቀኑን ሙሉ አብሯችሁ ቢውል አትሰለቹም። ከቦምቡ በኋላ ጣሊያኖች በአዲስ አበባ የጨፈጨፏቸውን ሰዎች ቁጥር ደግሞ ጠይቁ። የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ 30,000 ሲል፣ ታሪክ ጸሐፊው ኢያን ካምቤል ወደ 19,000 እንደሚጠጋ ገምቷል። ሁለቱንም ከነምንጫቸው የሚያውቅ አስጎብኚ፣ አንዱን ብቻ በወኔ ከሚደግም ይልቅ ለልጆች ጥያቄ የተዘጋጀ ነው፤ ውጭ ያደጉ ልጆች «ይህን በምን አወቃችሁ?» ማለታቸው አይቀርምና።

ጉዞውን ከስድስት ኪሎ እንድትጀምሩ አጥብቄ እመክራለሁ። ከተማው ከሰሜን ወደ ደቡብ ስለሚያዘቀዝቅ፣ ከላይ የጀመረ ሰው አብዛኛውን መንገድ ቁልቁል ይወርዳል። ታሪኩም ቢሆን ከዚያው ይነሣል። በአደባባዩ መካከል የቆመው የሰማዕታት ሐውልት የዩጎዝላቪያ ቀራፂዎች፣ የአንቱን አውጉስቲንቺችና የፍራኖ ክርሺኒች ሥራ ነው። አብዛኛው ሰው ቀና ብሎ ቁመቱን አይቶ ይሄዳል፤ ሊታይ የሚገባው ግን ከግርጌው ያለው የነሐስ ቅርፅ ነው። ግድያውንና የሟቾቹን ቀብር የሚያሳዩት ምስሎች ፊት ለፊት ብቻ ቆመው የሚጨረሱ ስላልሆኑ ሐውልቱን ቀስ ብሎ መዞር ያስፈልጋል። ጧት ሦስት ሰዓት ገደማ መድረስ ጥሩ ነው።

ከዚያ መንገዱን ተሻግሮ ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ መግባት ነው፤ በሩ ላይ ፍተሻ ስላለ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት መያዝ ግድ ነው። የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምንና ሙዚየሙን የያዘ ሲሆን፣ ቦምቡ የተወረወረውም በዚሁ ሕንፃ ፊት ለፊት ነው። ደጃፉ ላይ ወደ የትም የማያደርስ የሲሚንቶ ደረጃ አለ። ጣሊያኖች የሠሩት ነው፤ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1922 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን እንዲቆምለት የታሰበ ሲሆን፣ ከነፃነት በኋላ በመጨረሻው እርከን ላይ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠችበት። ከልጆች ጋር ለሚመጣ ሰው ከሐውልቶቹ ሁሉ ይህ ደረጃ ይበልጣል ባይ ነኝ፤ የፋሺስቱ ኩራትና የተሰጠው መልስ በአንድ ቦታ ይታያሉና። ውስጥ ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መኝታ ክፍል ይጎበኛል፤ በመስተዋቱ ላይ ያለው የጥይት ቀዳዳ ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ የቀረ ነው። ለአምስት ዓመት ጣሊያንን በዱር በገደል የተዋጉት ራስ አበበ አረጋይ በዚያው ሙከራ ከሌሎች ታጋቾች ጋር የተገደሉት በዚህ ሕንፃ ውስጥ መሆኑን አስጎብኚው ሳይናገር ካለፈ አስታውሱት። ለዚህ ግቢ ከአንድ ሰዓት ተኩል ያላነሰ ጊዜ መድቡ፤ ሙዚየሙ በዚያ ቀን ክፍት መሆኑንም ቀድማችሁ በስልክ አረጋግጡ።

ከስድስት ኪሎ እስከ አራት ኪሎ በእግር ይወረዳል። የአራት ኪሎው ሐውልት ለሚያዝያ 27 የቆመ ነው፦ ጣሊያን በ1928 አዲስ አበባ የገባበት፣ ንጉሠ ነገሥቱም ልክ በአምስተኛው ዓመት በ1933 የተመለሱበት ቀን። እዚህ ብዙ መቆየት አያሻም፤ መኪናውም ይበዛል።

ሥላሴ ካቴድራል ግን የመቃብር ስፍራውን በሚያውቅ ሰው መጎብኘት አለበት። ብዙ አስጎብኚዎች በ1993 ዓ.ም. ያረፈውን የንጉሠ ነገሥቱን አፅም ወደያዘው የድንጋይ ሣጥን ወስደው፣ ከዚያ በኋላ የመለስ ዜናዊን መቃብር አሳይተው ይጨርሳሉ። በግቢው ውስጥ ያሉት የአርበኞች መቃብሮች፣ ለኢትዮጵያ ነፃነት በብዕሯ የተሟገተችው እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት ያረፈችበት ቦታ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. በደርግ የተረሸኑት ባለሥልጣናት የጋራ መቃብር፣ ሁሉም በጥቂት እርምጃ ርቀት ውስጥ ናቸው። አስጎብኚያችሁ የሲልቪያን መቃብር ሳይጠይቅ የሚያገኘው ከሆነ ሥራውን ያውቃል። ካቴድራሉ እድሳት ሲደረግለት ስለቆየ ወደ ውስጥ መግባት ይቻል እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ በራስ መኮንን ድልድይ በኩል ወርዶ መውጣት ስለሚኖር በዚህ ቦታ በራይድ ወይም በፈረስ የስልክ መተግበሪያ ታክሲ መጥራት ተገቢ ነው። አንድ መኪና ለማይበቃው ቤተሰብ ሁለት መኪና ቢጠራም ወጪው ለቀኑ ከሚከራየው ሚኒባስ ያንሳል። ፒያሳ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል፣ የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልትና የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ይቀራረባሉ፤ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልትም በእግር የሚደረስ ነው። ስምንት ማዕዘኑ ካቴድራል ለዓድዋ ድል መታሰቢያ የተሠራ ሲሆን ጣሊያኖች በወረራው ዘመን በእሳት አቃጥለውት ነበር፤ ከነፃነት በኋላ ታድሶ የአፈወርቅ ተክሌ ሥራዎች ያጌጡበት ነው። የምኒልክን ሐውልት ደግሞ አውርደው ቀብረውት ከነፃነት በኋላ ተመልሶ ቆሟል። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ለጣሊያን አልገዛም ብለው በጥይት የተገደሉት የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት እንኳ ለቀላል ባቡሩ ግንባታ ሲባል በ2005 ተነሥቶ በ2008 ወደ ቦታው ተመልሷል።

በየካቲት 2016 የተከፈተውን የዓድዋ ሙዚየም በተመለከተ ከብዙ ሰው ጋር አልስማማም። ሙዚየሙ ሰፊ ነው፣ የራሱ አስጎብኚዎች አሉት፣ መጎብኘትም ይገባዋል፤ ነገር ግን ከ1928 እስከ 1933 ባለው ዘመን ላይ ያተኮረውን ቀን ግማሹን ይውጠዋል። ለእርሱ ሌላ ግማሽ ቀን መያዝ ይሻላል። አሮጌው ፒያሳ በኮሪደር ልማቱ ከፈረሰ ወዲህ አንዳንድ አስጎብኚዎች ዛሬም የሌለ ሕንፃ በቃላቸው የሚያስጎበኙ ስለሆነ፣ «አሁን ቆሞ የሚታየው የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም።

ያለ አስጎብኚ በራስ መዞርስ? ታሪኩን ላነበበ ሰው ይቻላል፤ ከሁሉም አማራጮች ርካሹም ይኸው ነው። ሙዚየሞቹ ውስጥ የቦታው ሠራተኞች ያስረዳሉ፣ በአብያተ ክርስቲያናቱም የሙዚየም ኃላፊዎች አሉ። የሚጎድለው በመካከል ያለው ነው፤ ሐውልቶቹ ስለ ራሳቸው ብዙ አይናገሩም፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያገናኘውን ታሪክ የሚነግር ሰው ከሌለ ልጆቹ ከሦስተኛው ሐውልት በኋላ ስልካቸውን ያወጣሉ። የዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪ ዘመድ ካላችሁ ደግሞ ምሳ ጋብዛችሁ ውሰዱት፤ ከአንዳንዱ ባለ ፈቃድ ይሻላል።

ቀኑ ካልመሸ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል መውረድ ወደ ኋለኞቹ ጦርነቶች ያደርሳል። ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ ያለው የትግላችን ሐውልት በሶማሊያ ወረራ ጊዜ ለወደቁት የቆመ ሲሆን አብረው የተሰዉት የኩባ ወታደሮችም ይታሰቡበታል። ከታች ለገሃር የቆመው የይሁዳ አንበሳ በወረራው ጊዜ ተዘርፎ ሮም ላይ ተተክሎ የነበረው ነው። በመስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በ2002 የተከፈተ ሲሆን፣ በዘመኑ ታስረው የነበሩ ሰዎች ራሳቸው ሲያስጎበኙበት ቆይተዋል፤ ስለዚህ የራሳችሁን አስጎብኚ በዚያ ዝም አሰኝታችሁ የቤቱን ሰው ስሙ። አፅምና የሟቾች ልብስ ስለሚታይ ትንንሽ ልጆችን አለማስገባት ይሻላል።

ቀን ሲመረጥ የቤተ ክርስቲያኑን መቁጠሪያ ማየት ይረዳል። በዐቢይ ጾም በሥራ ቀናት ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ሥላሴንና ጊዮርጊስን ጧት ማስቀደም፣ ስድስት ኪሎን ወደ ከሰዓት ማዛወር ያስፈልጋል። ወር በገባ በ7 ሥላሴ፣ በ23 ጊዮርጊስ በምእመናን ይሞላሉ። የካቲት 12 ስድስት ኪሎ፣ ሚያዝያ 27 ደግሞ አራት ኪሎ መገኘት የሚፈልግ ሰው አባት አርበኞችን ከነሜዳሊያቸውና ከነጎፈራቸው ያያል፤ ነገር ግን መንገድ ስለሚዘጋ በዚያ ቀን ሌላ ቦታ ለመጨመር አያስብ። በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ስለማይቀር የሙዚየሞቹን ሰዓት ወደዚያ መግፋት ነው።

አንዳንድ ድርጅቶች በዚሁ አንድ ቀን ላይ ደብረ ሊባኖስን ደርበው ይሸጣሉ፤ ይህን አትቀበሉ። ገዳሙ ከከተማው ወደ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ቦምብ ወርዋሪዎቹን ረድተዋል በሚል ሰበብ በግንቦት 1929 ዓ.ም. መነኮሳቱ የተጨፈጨፉበት ስለሆነ ከስድስት ኪሎው ታሪክ ጋር በቀጥታ ይያያዛል፤ ግራዚያኒ ራሱ በቴሌግራም 297 መነኮሳት ማስረሸኑን ሪፖርት አድርጓል። ለዚህ ሌላ ቀን መድቡ፣ ጧት በ12 ሰዓት ተነሡ፣ ለዚህኛው ጉዞ የድርጅት መኪና መከራየት ተገቢ ነው፤ ሴቶች ነጠላና ረጅም ቀሚስ ይያዙ። አስጎብኚው ግን በመጀመሪያው ቀን አብሯችሁ የዋለው ቢሆን ታሪኩን ካቆመበት ይቀጥልላችኋል።