«ጥቁር ኃይል» ምን ማለት ነው?

ቃል ፈላጊ፦ ሰላም ለቤቱ። «ጥቁር ኃይል» የሚል ቃል አንድ ጽሑፍ ላይ ገጠመኝ። በጋላክሲዎች እንቅስቃሴ ይጠናል ይላል። ከ«ጥቁር ቁስ» ጋር አንድ ነው እንዴ?

ፊደል፦ ኧረ በጭራሽ! ጥቁር ቁስ ይስባል፣ ጥቁር ኃይል ያራርቃል። «ጥቁር» የተባሉት ስለማይታዩና ምንነታቸው ስላልታወቀ ነው። እኔን የሚከነክነኝ «ኃይል» የሚለው ነው። «የስበት ኃይል» ስንል ጎታች ነገር እናስባለን። ይሄኛው ግን ባዶው ሕዋ ራሱ የያዘው ጉልበት ነው ተብሎ ይገመታል። ለእኔ «ጥቁር ኢነርጂ» ይሻላል።

ምሕዋር፦ በዚህ እስማማለሁ። ወደ ጋላክሲዎቹ ስንመጣ፣ በ1998 እ.ኤ.አ. ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች የሩቅ ሱፐርኖቫዎችን (የሚፈነዱ ከዋክብትን) ለክተው የጽንፈ ዓለሙ መስፋፋት እየፈጠነ መሆኑን አሳዩ። ነገሩ በሰፈራችንም ሊፈተሽ ይችላል። የእኛ ጋላክሲ ሚልኪ ዌይና ጎረቤቷ አንድሮሜዳ፣ በዙሪያቸው ካሉት ትንንሽ ጋላክሲዎች ጋር፣ በስበት የተያያዘ አንድ የጋላክሲ ቡድን ናቸው። አንድሮሜዳ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቃ ብትገኝም ወደ እኛ እየመጣች ነው። ከሁለቱ መሃል 3 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ራቅ ሲባል ግን ስበቱና መስፋፋቱ የሚቻቻሉበት ወሰን አለ። እዚያ ያለ ጋላክሲ አይቀርብም፣ አይርቅም። ከወሰኑ ወዲያ ያሉት ይሸሻሉ።

ፊደል፦ «ይሸሻሉ» ስትል የሚያሳድዳቸው ያለ መሰለኝ! «ይርቃሉ» በለው።

ምሕዋር፦ እሺ፣ ይርቃሉ። ስበት ከርቀት ጋር ይደክማል፣ የጥቁር ኢነርጂ ግፊት ደግሞ ከርቀት ጋር ይበረታል። ስለዚህ የጋላክሲ ቡድኑን ክብደት በውስጡ ካሉት ጋላክሲዎች እንቅስቃሴ እንገምታለን። ከዚያ ወሰኑ የት እንደሆነ አይተን ክብደቱን ከእሱም እናሰላለን። ጥቁር ኢነርጂ ካለ፣ ወሰኑ በዚያው ቦታ እንዲገኝ ቡድኑ የበለጠ መክበድ አለበት። ሁለቱ ክብደቶች መጣጣማቸው ነው የሚመረመረው።

ቃል ፈላጊ፦ ወሰኑስ በአማርኛ ስም አለው?

ምሕዋር፦ እኔ «የመመለሻ ወሰን» እለዋለሁ። ከእሱ ወዲህ ያለ ጋላክሲ መራቁን ትቶ ወደ ቡድኑ ስለሚመለስ።

ፊደል፦ «የዜሮ ፍጥነት ወሰን» ቢባልስ? ትንሽ ደረቅ ቢሆንም አያሳስትም።

ምሕዋር፦ ፍጥነቱ ዜሮ የሚሆነው ከቡድኑ መሃል አንጻር ብቻ ነው፤ ወደ ጎን ሊጓዝ ይችላል። የጎኑን ደግሞ አናየውም ማለት ይቻላል። የብርሃኑ ቀለም መዛነፍ የሚነግረን ወደ እኛ መቅረቡን ወይም መራቁን ብቻ ነው። ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን ርቀቱን በትክክል መለካት ነው።