ልጄን ከመስጠቴ በፊት መደርደሪያውን አያለሁ

የየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ጎረቤቶች በስልክ ግሩፓቸው የጻፉት ክርክር

ሰብሳቢ፦ መነሻችን አንድ ጡረተኛ መምህር የጻፉት ነው። «ቤቱ መጽሐፍ የሌለው ሰው ልጄን ቢጠይቅ አልሰጥም። መደርደሪያው ሰውየውን ይናገራል» ብለዋል። ተስማሙ ወይም ሞግቱ። ስድብ ክልክል ነው፤ የውሃው ጉዳይ ላይ የሆነውን አንረሳም።

መምህሩ፦ አሁንም እላለሁ። የእኔን መደርደሪያ እዩ። ከታች ሞስኮ በፕሮግሬስ የታተሙ የማርክስና የሌኒን ጥራዞች አሉ። መሃል ላይ ልቦለድ። ከላይ ዳዊትና ውዳሴ ማርያም። ሕይወቴ ከታች ወደ ላይ ይነበባል።

የአራተኛ ፎቋ፦ ጋሼ፣ እርስዎ የራስዎ ቤት ውስጥ ነዎት። እኔ ተከራይ ነኝ። አከራይ በጨመረ ቁጥር ዕቃዬ ይጫናል። ተሸካሚ ደግሞ በፎቅ ነው የሚያስከፍለው። መጽሐፍ ያለበትን ማዳበሪያ ሲያነሳ «እህቴ፣ ድንጋይ ነው እንዴ?» ይለኛል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚሸጠው መጽሐፍ ነው። ዛሬ የማነበው ስልኬ ላይ ነው፣ ፒዲኤፍ። ታዲያ ባዶ ሰው ነኝ?

ባለ አይሱዙው፦ እኔ የሰው ቤት ስጭንና ሳራግፍ ነው የምውለው። ብፌ ውስጥ ከብርጭቆ ጋር የተደረደረ ኢንሳይክሎፒዲያ አይቻለሁ፤ ፕላስቲኩ እንኳ አልተቀደደም። የተነበበ መጽሐፍ ያስታውቃል። ጀርባው ተሰነጣጥቋል፣ ጠርዙ ላይ የወጥ ጣት አለ፣ መሃሉ ላይ ያረጀ የሎተሪ ቲኬት ተሸጉጧል። ባለቤቱ ለእንግዳ ሊያሳየው ያፍራል።

መጽሐፍ አዟሪው፦ ወንድሜ ልክ ነው። በቀለም የሚገዙኝም አሉ፤ «ከሶፋው ጋር የሚሄድ» ይላሉ። አሮጌ መጽሐፍ የሚመጣልን ሰው ሲሞት፣ ሲሰደድ ወይም ሰፈር ሲፈርስ ነው። ቤተሰቡ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ገጽ ገንጥሎ ነው የሚሰጠን። «ለውድ እንትና መታሰቢያ» የሚለውን ማለቴ ነው። ስለ ሰውየው የሚናገረው እሱ ገጽ ነበር፤ እሱ ግን እኛ ጋ አይደርስም።

እማማ፣ የምድር ቤቷ፦ እናንተ ልጆች፣ እኔም ልናገር። በ1969 የደርግ የቤት ለቤት አሰሳ ሲመጣ ባለቤቴ መጽሐፎቹን በሌሊት ሽንት ቤት ጨመራቸው። ቀሪውን በምድጃ እንጀራ ጋገርኩበት። ሽፋን ያለው ወረቀት ቶሎ አይነድም፣ ይጨሳል። ጭሱ ጎረቤት እንዳያስጠረጥር ጎመን ጥጄ ነበር። ጠዋት ፈታሾቹ ሲገቡ መደርደሪያው ላይ የልጆች የፊደል ገበታና አንድ የስፌት መጽሐፍ ነበሩ። ባሌ መደርደሪያው ላይ ነበር ትሉኛላችሁ? በ1975ም የበዓሉ ግርማ ልቦለድ ኦሮማይ ወጥቶ ወዲያው ከገበያ ሲሰበሰብ፣ ያገኘ ሰው ፍራሽ ስር ነው የደበቀው።

መምህሩ፦ እማማ፣ ይህ የእኔን ሐሳብ ነው የሚደግፈው። ባዶውም መደርደሪያ ተናገረ፤ ዘመኑን ተናገረ።

የአራተኛ ፎቋ፦ ጋሼ፣ ቅድም ሰውየውን ነበር ያሉት። አሁን ዘመን ሆነ?

መምህሩ፦ ሰው ከዘመኑ ውጭ ይኖራል?

ባለ አይሱዙው፦ በዚህ አያያዝ ጋሼ አይሸነፉም። ፈታሹን እማማ ነግረውናል፤ አሁን ደግሞ አማች መራጭ መጣ። ያኔ መጽሐፍ ያለው ተጠረጠረ፣ ዛሬ የሌለው።

እማማ፣ የምድር ቤቷ፦ ተባረክ።

የመምህሩ ልጅ፦ አባዬ፣ እኔም እያነበብኩ ነው። ሳሎን ያለው መደርደሪያ ላይ የእኔ የተባሉት የአካውንቲንግ መጻሕፍት አንተ የመረጥክልኝ ናቸው። ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው እነሱን አይቶ ስለ እኔ ምን ያውቃል? የማነባቸው አልጋዬ ስር በካርቶን ናቸው። ደግሞ ስለ መስጠት ስታወሩ የጠየቀኝ የለም።

መምህሩ፦ የምን ካርቶን?