ሁለት ፈረስ በተሳቢ ሲጫን፦ ከመነሳት በፊት ምን ይታይ?

ዳማ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንዱ 560፣ ሌላው 480 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ፈረሶች ባለ ሁለት አክስል (በየጎኑ ሁለት ሁለት ጎማ ያለው) ተሳቢ ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው 300 ኪሎ ሜትር ያህል ሊጓዙ ነው። ባዶው ተሳቢ 1100 ኪሎ ነው፣ መኪናው እስከ 2500 ይጎትታል። ተሳቢው ለወራት ቆሞ ከርሟል። ክብደቱ ይሆናል ወይ? የትኛው ፈረስ በየት በኩል ይቁም? መንገድ ላይ መወዛወዝ ቢጀምር ምን ይደረጋል? አያድርገውና ቢገለበጥስ?

ዳዶ፦
ደምረው፦ ተሳቢው 1100፣ ፈረሶቹ 1040፣ ኮርቻ፣ ድርቆሽና ውሃ 150 ገደማ፤ በድምሩ 2290። ይጎትተዋል፣ ግን ትርፉ 210 ኪሎ ብቻ ስለሆነ ዕቃ አታብዛ። ማያያዣው ላይ ወደ ታች የሚያርፈውን ክብደት ደግሞ ለብቻው እየው። ጭነቱ ወደ ኋላ ካደላ የመኪናውን ኋላ ወደ ላይ ያነሳዋል፣ መወዛወዝም ከዚያ ይጀምራል። በአሜሪካ አሠራር ከጠቅላላው ከ10 እስከ 15 በመቶ እንዲያርፍ ይደረጋል፤ የአውሮፓ ማያያዣዎች ከዚያ ባነሰ ክብደት የተነደፉ ናቸው። ስለዚህ ማያያዣው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ተከተል።

ቆሞ የከረመ ተሳቢ መጀመሪያ የሚታየው ወለሉ ነው። የላስቲክ ምንጣፉን ሙሉ በሙሉ አውጣው። ሽንት ከምንጣፉ ስር ሰርጎ ጣውላውን ያበሰብሰዋል፣ ከላይ ግን ምንም አይታይም። ካቻቪቴ ይዘህ እያንዳንዱን ጣውላ፣ በተለይ ጫፍና ጫፉንና ፈረሱ የኋላ እግሩን የሚያሳርፍበትን፣ ጫን እያልክ ውጋ። ካቻቪቴው እንደ ዳቦ ሰርጎ ከገባ ያ ጣውላ ይቀየር። ወለሉ አሉሚኒየም ከሆነ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገርና ጥቃቅን ቀዳዳ ፈልግ። ከስር ገብተህም ወለሉን የተሸከሙትን ብረቶች እይ። ወለሉ በጉዞ ላይ ቢሰበር የፈረሱ እግር አስፋልት ላይ ነው የሚያርፈው።

የጎማው ጥርስ አያታልልህ። የተሳቢ ጎማ ሳያልቅ ያረጃል። ጎኑ ላይ ያለውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አንብብ፤ 2319 ከሆነ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ከ5 እስከ 6 ዓመት ካለፈው ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ቀይረው። ነፋሱን ጎማው ሳይሞቅ ለካ። የጎማዎቹን ዳዶዎች በተራ ሳይሆን ፊት ለፊት ያሉትን እያፈራረቅክ አጥብቅ፣ ከ80 ኪሎ ሜትር በኋላ ደግሞ ድገመው። ኩሽኔታው በዓመት አንዴ ግራሶ ይፈልጋል፤ እረፍት ላይ እጅህን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ መሃል አስጠጋ፣ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚፋጅ ካለ አትቀጥል።

መኪናው ላይ ያለው የማያያዣ ኳስና በላዩ የሚገጠመው የተሳቢው አፍ መጠናቸው አንድ መሆኑን በላያቸው በተጻፈው ቁጥር አረጋግጥ። ትንሽ ኳስ ትልቅ አፍ ውስጥ የተቆለፈ ይመስላል፣ ጉድጓድ ሲያገኝ ግን ይወጣል። ከቆለፍክ በኋላ የተሳቢውን ክሪክ ትንሽ ከፍ አድርግ፤ የመኪናው ኋላ አብሮ ከተነሳ ይዟል ማለት ነው። የመጠባበቂያ ሰንሰለቶቹን ከተሳቢው መጎተቻ ዘንግ ስር በመስቀለኛ አሳልፈህ መኪናው ላይ እሰራቸው። ተሳቢው ሲለያይ ፍሬን የሚያስይዘውን ሽቦ ከሰንሰለቱ ጋር አታያይዘው፣ ለብቻው መኪናው ላይ ይታሰር። ሥርዓቱ በባትሪ የሚሠራ ከሆነ ባትሪው መሙላቱንም እይ።

ቦራው፦
ስለ ፈረሶቹ ልመልስ። መንገድ መሃሉ ከፍ፣ ዳሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ ከባዱ ፈረስ ወደ መንገዱ መሃል በኩል ይቁም፤ በቀኝ በሚነዳበት አገር ግራውን ይይዛል። አንድ ፈረስ ብቻ ሲጫንም እዚያው ነው።

ሰው የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ሲጫንና ሲወርድ ነው። ፈረሱ ሲገባ መጀመሪያ የኋላ ማገጃ ብረቱ ይዘጋ፣ ከዚያ ይታሰር። ሲወርድ መጀመሪያ ይፈታ፣ ከዚያ ብረቱ ይከፈት። ታስሮ ሳለ ከኋላው ክፍት መሆኑ ከተሰማው ወደ ኋላ ይስባል፤ ገመዱ ሲይዘው ደንግጦ በኋላ እግሩ ይቆማል፣ ጭንቅላቱን ጣራው ላይ ይመታል ወይም ተንሸራቶ ከብረቱ ስር ይገባል። መወጣጫውን ስትከፍትና ስትዘጋ ጎን ቁም፣ በፍጹም ቀጥታ ከኋላው አትቁም።

ቋጠሮው ሲስቡት የሚፈታ ይሁን። ገመዱ ራሱን ዝቅ አድርጎ እንዲያስነጥስ ያህል ይርዘም፣ እግሩ የሚገባበት ያህል ግን አይላላ። የራስ ማሰሪያው ቆዳ ቢሆን ይሻላል፤ ናይለን አይበጠስም። ልጓምና ኮርቻ አይኑርበት፣ ተሳቢው ውስጥም ሰው አይሳፈር።

ጉራቻ፦
መወዛወዝ ሲጀምር ነዳጅ ረገጥ ሲያደርጉት ቀጥ ይላል።

መሪ ያዥ፦
ጉራቻ፣ ይህ ምክር ሰው ያስጨርሳል። ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ውዝዋዜው ይብሳል፣ ተጨማሪ ቦታም ይበላል። ነዳጁን በቀስታ ልቀቅ፣ መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ ለማስተካከል ግራ ቀኝ አትበል፣ የመኪናውን ፍሬን አትርገጥ። መኪናው ውስጥ የተሳቢ ፍሬን መቆጣጠሪያ ካለ እሱን ብቻ በእጅህ ነካ አድርገው፤ ተሳቢው ወደ ኋላ ሲጎትት መስመሩ ይቃናል። ቁልቁለት ላይ ሳትወርድ በፊት ማርሽ ቀንስ። ፈረስ አራት እግሩን ዘርግቶ ነው ሚዛኑን የሚጠብቀው፣ ስለዚህ ጠመዝማዛ ላይ ፍጥነት የምትቀንሰው ከመግባትህ በፊት ነው፣ ነዳጅ የምትሰጠውም የተሳቢው ኋላ ከወጣ በኋላ። በሰዓት ከ80 እስከ 90 ይበቃል፣ ከፊትህ ያለውንም መኪና ብቻህን ስትነዳ ከምትርቀው እጥፍ ራቀው።

የእንስሳት ሐኪም፦
ቢገለበጥ የመጀመሪያው ስህተት በሩን ከፍቶ ፈረሱን መልቀቅ ነው። የደነገጠ ፈረስ አስፋልት ላይ ከወጣ ሁለተኛ አደጋ ይፈጥራል፣ ያኔ የሚሞተው ሰው ሊሆን ይችላል። እሳት ወይም ጎርፍ ካልመጣ በሩ ተዘግቶ ይቆይ። ስትደውል ስንት ፈረስ እንዳለ፣ ቆመው ይሁን ወድቀው፣ ተሳቢው በየት ጎኑ እንደተኛ ተናገር፤ ማስታገሻ የሚሰጥ ሐኪምም አብሮ እንዲጠራ ጠይቅ። ውስጥ አትግባ። የወደቀ ፈረስ ሲነሳ እግሩ የት እንደሚያርፍ አያይም፣ ስለዚህ መቅረብ ግድ ከሆነ በጀርባው በኩል እንጂ በእግሩ በኩል አይቀረብም። በአንገት፣ በእግር ወይም በጭራ አይጎተትም። ፈረስ ውስጡ እያለ ተሳቢውን ለማቃናት የሚሞክር ካለም አስቁመው። ትርፍ ገመድና የራስ ማሰሪያ መኪናው ውስጥ እንጂ ተሳቢው ውስጥ አታስቀምጥ፤ የሚያስፈልግህ ተሳቢው በማይከፈትበት ሰዓት ነው።

ለ300 ኪሎ ሜትር መሃል ላይ አንድ እረፍት ይበቃል፦ 20 ደቂቃ፣ ሞተር ጠፍቶ፣ ጥላ ስር፣ ውሃ አቅርበህ፤ መንገድ ዳር ግን አታውርዳቸው። መስኮቶቹ ክፍት ይሁኑ፣ ራሳቸውን ግን አያውጡ። ከደረሱ በኋላ ለሁለትና ሦስት ቀን ሙቀታቸውን ለካ፤ ከ38.5 ካለፈ ወይም ሳል ካለ ሐኪም ይያቸው። ራሱ ወደ ላይ ታስሮ የቆየ ፈረስ አክታውን ማውረድ ስለማይችል ሳንባው ሊታመም ይችላል።

ዳማ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ጎማ ቢፈነዳስ? ፈረሶቹን ማውረድ የግድ ነው?

ዳዶ፦
ባለ ሁለት አክስል ስለሆነ የግድ አይደለም። ከመኪናው ሳትነቅለው የሚቻለውን ያህል ከአስፋልቱ ወጥተህ ሜዳ ላይ ቁም። ተሳቢው ሳይነሳ የተበላሸውን ጎማ ዳዶዎች ላላ አድርጋቸው። ከዚያ በዚያው ጎን ያለውን ደህናውን ጎማ ወፍራም የእንጨት መወጣጫ ላይ ቀስ ብለህ ነድተህ አውጣው፤ የተበላሸው ከመሬት ይነሳል። የእጅ ፍሬን ያዝ፣ በሌላው ጎን ካሉት ጎማዎች ፊትና ኋላም ድንጋይ አስገባ፣ ከዚያ ቀይር። መወጣጫውን ከቤት ሳትወጣ ሞክረው፣ ጎማውን አንስቶ የሚያስወጣ ከፍታ ከሌለው ሌላ ጣውላ ደርብበት። የመለዋወጫውን ጎማ ነፋስም አብረህ ለካ፣ የመኪናው የዳዶ መፍቻ በተሳቢው ዳዶ ላይ መግባቱንም እይ፤ ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ይለያያል።