ከደብረ ብርሃን ሆኖ የዳታ ቪዥዋላይዜሽን ተመራማሪ መሆን ይቻላል? የማንን መንገድ ልከተል?

ጠባሴ ነኝ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው፤ ኮምፒውተር ሳይንስ አስተምራለሁ። ፒኤችዲ ለመጀመር እያሰብኩ ነው። ልቤ ያረፈው ዳታ ቪዥዋላይዜሽን ላይ ነው፤ ዳታን በግራፍና በሥዕል የማሳየት ጥናት ማለት ነው። ለሰው ሳወራ ግን መልሱ «ግራፍ መሳልም ምርምር ሆነ? ኤክሴል አለልሽ አይደል!» ነው። አንድ ባልደረባዬማ «ማሽን ለርኒንግ ያዢ፣ እንጀራው እዚያ ነው» ብሎ ገላገለኝ።

የሚያማክረኝ ስለሌለ የታላላቆቹን ተመራማሪዎች ገጽ ጉግል ስኮላር (የምርምር ጽሑፎች መፈለጊያው) ላይ እየከፈትኩ ማየት ጀመርኩ። የጄፍሪ ሂርን ከፍቼ ደነገጥኩ። ዝርዝሩ አያልቅም። ከየት ነው የሚጀመረው? የአንድ ሰው የምርምር ሕይወት ከኅትመት ዝርዝሩ ላይ እንዴት ይነበባል? እዚህ ቁጭ ብዬስ ምን ላይ ብሠራ ነው የሚያዋጣኝ? «ጽሑፍሽን ላኪልን፣ በሳምንት እናትማለን» የሚል ኢሜይል በየቀኑ ይመጣልኛል። እሱ እንኳ አልጎደለብኝም።

የጣርማበር ጉም፦

እህቴ፣ እኔ የደብረ ሲና ልጅ ነኝ። ፒኤችዲዬን የሠራሁት በዚሁ ዘርፍ ነው። ትንሽ አረዝማለሁ፣ ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ «ኤክሴል አለ» ለሚሉሽ። በ1984 ዊሊያም ክሊቭላንድና ሮበርት ማክጊል የሚባሉ የስታቲስቲክስ ሰዎች ቀላል የሚመስል ጥያቄ አነሡ። ሰው ግራፍ ሲያይ ዓይኑ ምኑን ነው በትክክል የሚለካው? መልሱ ደረጃ ደረጃ አለው። በአንድ መለኪያ ላይ የተቀመጡ ነጥቦችን ማወዳደር ይቀለናል። ርዝመት ይከተላል። ማዕዘንና ስፋት ላይ መሳሳት እንጀምራለን። የቀለም ድምቀት ከሁሉም ይብሳል። በየስብሰባው የሚቀርበው ክብ ግራፍ ቁጥር ካልተጻፈበት የማይነበበው ለዚህ ነው። በ2010 ሂርና ማይክል ቦስቶክ ሙከራውን በኢንተርኔት ባገኟቸው ሰዎች ደገሙት፤ ውጤቱም ከድሮው ጋር ተስማማ። ኤክሴል ይስልልሻል። የትኛውን መሳል እንዳለብሽ ግን አይነግርሽም።

አሁን ወደ ሂር። ዝርዝሩን በተጠቀሰበት ብዛት አትደርድሪው፣ በዓመት ደርድሪው። ያኔ ታሪኩ ይወጣል። በርክሌይ ተማሪ ሳለ፣ በ2005 ፕሪፊውዝ የሚባል በጃቫ የተጻፈ የግራፍ መሥሪያ አወጣ። ስታንፎርድ ገብቶ በ2009 ከቦስቶክ ጋር ፕሮቶቪስን ሠሩ። በ2011 ቦስቶክ፣ ቫዲም ኦጊየቬትስኪና እሱ ዲ3 የሚባለውን የድረ ገጽ ግራፍ መሥሪያ ይዘው መጡ። የትልልቅ ጋዜጦች ድረ ገጽ ላይ ስንት የሚንቀሳቀስ ግራፍ በዲ3 እንደተሠራ አትጠይቂኝ። ቀጥሎ ሲያትል፣ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሄደ፤ ከተማሪዎቹ ጋር ቬጋና ቬጋ ላይት የሚባሉ መሣሪያዎች ተወለዱ።

ስሙ ይቀያየር እንጂ ጥያቄው ያው ነው፦ ሰው የሚፈልገውን ግራፍ በጥቂት ቃል እንዴት ይግለጽ? ፕሪፊውዝ ብዙ ኮድ ያስጽፍ ነበር። ፕሮቶቪስ አሳጠረው፤ ግን የራሱን ዓለም ሠርቶ ተዘጋ። ዲ3 ያንን ዓለም ትቶ ቀጥታ ከብሮውዘሩ ገጽ ጋር ሠራ። እሱ ደግሞ ለጀማሪ ከባድ ሆነ። ቬጋ ላይት በጥቂት መስመር ግራፍ ያስወጣሻል። አንዱ ወረቀት የቀደመውን ጉድለት ይዞ ነው የሚነሣው። እኔ በበኩሌ የሰውየው ትልቁ ነገር ይሄ ነው ባይ ነኝ፤ ስለ ብዛቱ የሚወራው ብዙም አይመስጠኝም።

በጎን ደግሞ በ2011 ከሾን ካንደልና ከሌሎች ጋር ዳታ ማጽጃ መሣሪያ ሠራ። ግራፍ ከመሳል በፊት የተዝረከረከ ሰንጠረዥ ማስተካከል ነው ጊዜ የሚበላው። የወረዳ ሪፖርት ወደ ኮምፒውተር ያስገባ ሰው ይህን ያውቀዋል። አንዱ ወር ላይ «12»፣ ሌላው ላይ «አሥራ ሁለት»፣ ሦስተኛው ላይ ሰረዝ። ሰረዙ ዜሮ ይሁን «አልተለካም» የሚያውቀው የጻፈው ሰው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ተዛውሯል።

ሁለተኛ የማሳይሽ የዚሁ ዘርፍ ተመራማሪ የሆነችውን ታማራ መንዝነርን ነው። (መንዝ የሚል ስላለበት ነው የምወዳት ብዬ ስቀልድ ነበር።) በ2009 ያሳተመችው ወረቀት ሥራውን በአራት እርከን ይከፍለዋል። የሰዎቹ ችግር፣ ዳታውና ሊሠራበት የታሰበው ነገር፣ ሥዕሉ፣ በመጨረሻ ኮዱ። ላይኛው ላይ ከተሳሳትሽ ታችኛው ምንም ያህል ቢያምር አያድንሽም። በ2012 ከሚካኤል ዜድልማየርና ከሚሪያ ማየር ጋር ደግሞ ከባለሙያዎች ጋር ተቀምጦ መሣሪያ መሥራት እንዴት ምርምር እንደሚሆን ጻፉ። 32 ወጥመዶችን ዘርዝረዋል። አንዱ፣ ሰዎቹ በትክክል የሚያስፈልጋቸውን ሳያውቁ ኮድ መጻፍ መጀመር ነው። አንቺን የሚያዋጣሽ ይህ መንገድ ነው። ሱፐር ኮምፒውተር አይጠይቅም።

ኅትመቱን በተመለከተ፣ የዘርፉ ዋና ጉባኤ በ1990 የተጀመረው አይትሪፕልኢ ቪስ ነው። ሙሉ ወረቀቶቹ የሚታተሙት ትራንዛክሽንስ ኦን ቪዥዋላይዜሽን ኤንድ ኮምፒውተር ግራፊክስ በሚባለው ጆርናል ነው። ማስገቢያው መጋቢት ውስጥ ነው፤ ጉባኤው አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት ላይ ይውላል። አጭር፣ አራት ገጽ ወረቀትም ይቀበላሉ፤ ለመጀመሪያ እሱን ሞክሪ። ሲቀበሉሽ ከደራሲዎቹ አንዱ ተመዝግቦ ማቅረብ አለበት። የምዝገባው ዶላርና ቪዛው ነው ወገብ የሚቆርጠው፤ ድጎማውን ቀድመሽ ጠይቂ። «በሳምንት እናትማለን» ያሉሽን ደግሞ ዝም ብለሽ አጥፊያቸው። በሳምንት ማን አንብቦት ነው?

የሸዋሮቢት ሙቀት፦

እኔ ባልደረባሽን ነው የምደግፈው። ባንክ ውስጥ ዳታ ላይ ነው የምሠራው፤ ቅጥር ሲወጣ የሚጠየቀው ኤስኪውኤል (የዳታቤዝ ቋንቋው) እና ፓወር ቢአይ (የዳሽቦርድ መሥሪያው) ነው። መንዝነርን ታውቃለህ ወይ ያለኝ የለም። ምርምሩ ለፈረንጅ ጥሩ ነው፣ እኛ ጋ ግን ዳሽቦርድ ሠርቶ መብላት ይሻላል።

የጣርማበር ጉም፦

ወንድሜ፣ የዳሽቦርድ ሶፍትዌሩስ ከየት መጣና? የፓወር ቢአይ ተፎካካሪ የሆነው ታብሎ ስታንፎርድ ውስጥ ፖላሪስ የሚባል የምርምር ሥራ ነበር። ክሪስ ስቶልቴና ፓት ሃንራሃን ከዳያን ታንግ ጋር በ2000 ወረቀቱን አቀረቡ። በ2003 ኩባንያ ሆነ። በ2019 ሴልስፎርስ በ15.7 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። እንጀራው እዚያም አለ። አንተ እየበላህ ቀጥል፣ እሷ ትጋግር።

የጓሳ ሣር፦

ልጄ፣ እኔ የግብርና ባለሙያ ነኝ፣ መሐል ሜዳ። ኮምፒውተሩን አታውቅም በይኝ፤ ግራፍ ይዞ ገበሬ ፊት መቆም ግን አውቃለሁ።

የውርጭ ነገር ነው። ሰማዩ ጠርቶ፣ ነፋስ ጭልጥ ብሎ ጠፍቶ ካደረ ጠዋት ባቄላው የፈላ ውኃ የተደፋበት መስሎ ታገኚዋለሽ። ዳመና ካለ እንተኛለን። አንድ ጊዜ የሙቀት ግራፍ አሳትመን ይዘን ሄድን፤ መስመሩ ከዜሮ በላይ ነው። አንድ ሽማግሌ መስመሩን በጣታቸው እስከ ጫፉ ተከተሉና «ይሄ የእኔ ማሳ ነው?» አሉኝ። የለም፣ የሜትሮሎጂ ጣቢያው ነው አልኳቸው። «እንግዲያስ ጣቢያው ገብስ ይዝራ» ብለው ሄዱ።

እውነታቸውን ነው። ቴርሞሜትሩ ሳጥን ውስጥ ሆኖ ከመሬት ከፍ ብሎ ይሰቀላል። በእንዲያ ያለ ሌሊት ምድሩ ከዚያ በላይ ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛው አየር ደግሞ ወርዶ ረባዳው ላይ ይተኛል። ተዳፋት ላይ ያለው ማሳ ሲተርፍ ታች ያለው ያልቃል። ግራፉ ላይ ዜሮ ብለን ያሰመርነው መስመር ለእኛ እንጂ ለባቄላው አይደለም። ይህን የሚያሳይ ነገር ከሠራሽልን ፕሮፌሰርም ብትሆኚ አንቃወምም።

ጠባሴ ነኝ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሽማግሌው ያሉትን ደጋግሜ አነበብኩት። ቁም ነገሩ ገባኝ ግን ወረቀት ይሆናል ወይ ነው ጥያቄዬ። ገምጋሚው «ታዲያ ምን አዲስ ነገር አለው?» ቢለኝስ?

የጣርማበር ጉም፦

ይሆናል እንጂ። በ2019 ኢቫን ፔክና ሁለት ባልደረቦቹ የገጠር ፔንሲልቬንያ ሰዎችን ስለ ግራፍ አነጋገሩ። 42 ሰው ነው ያናገሩት። ገበያ ላይ፣ ግንባታ ቦታ ላይ ሳይቀር። ግራፎች ሰጥተው ጠቃሚነታቸውን ደረጃ እንዲያወጡላቸው ጠየቁ። ሰው የሚመርጠው በውበቱ ብቻ ሳይሆን ከራሱ ሕይወት ጋር በሚነካካው መሆኑ ጎልቶ ወጣ። ሲኤችአይ የሚባለው የሰውና የኮምፒውተር መስተጋብር ጉባኤ ላይ ቀርቦ ምርጥ ወረቀት ተብሎ ተሸለመ። «ይሄ የእኔ ማሳ ነው?» ማለት እኮ ይኸው ነው። ልዩነቱ፣ መንዝ ውስጥ ግራፉን ያነበበው ሰው የለካውን መሣሪያ ጭምር ጠየቀ። ለገምጋሚው እሱን ነው የምታሳዪው።

ሌላም አለሽ። ውርጩ የሚመጣው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው አይደል? በፈረንጅ ዓመት ከሳልሽው ወቅቱ ታኅሣሥ 22 ወይም 23 ላይ ለሁለት ይቆረጣል። ግማሹ አንዱ መስመር ጫፍ ላይ፣ ግማሹ የሌላው መነሻ ላይ ይቀራል። መስከረም ላይ ብትጀምሪው ግን ሳይቆረጥ እንዳለ ይቀመጣል። ጳጉሜን ላይ ብቻ ተጠንቀቂ። ዝናብ በወር ደምረሽ ከሳልሽ አምስት ቀኗ ድርቅ ትመስላለች። በቀን አማካይ አድርጊው። የእኛን ካሌንደር የሚያውቅ መሣሪያ ሠርተሽ ሰው እንዴት እንደሚያነበው ብትፈትሺ እሱም ራሱን የቻለ አጭር ወረቀት ነው።

ጠባሴ ነኝ፦

ዛሬ ማታ ልሞክረው ብዬ ማትፕሎትሊብ (የፓይተን ግራፍ መሳያው) ላይ የወሮቹን ስም በአማርኛ ብጽፍ ሁሉም ባዶ ሳጥን ሆኖ ወጣ። መስከረምም ሳጥን፣ ጥርም ሳጥን።

የጣርማበር ጉም፦

ፎንቱ ነው። ዴጃቩ ሳንስ የሚባለው መነሻ ፎንት ፊደላችን የለውም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን አውርደሽ ጫኚና ኮዱ መጀመሪያ ላይ ፎንት ፋሚሊውን በእሱ ቀይሪ። አሁንም ሳጥን ካወጣብሽ የማትፕሎትሊብን የፎንት ካሽ አጥፍተሽ እንደገና አስነሺው። ደግሞ ስሞቹን ሰያፍ አድርገሽ አታቁሚያቸው፤ ግራፉን አግድም አዙሪው፣ «ታኅሣሥ» ሙሉውን ይገባል።