አክሶሎትሌ አርጅቶ ነው ወይስ ታሞ?

የሱሉልታው፦ ሰላም ቤተሰብ። አንድ ፈረንጅ ጎረቤቴ አገሩ ሲገባ አክሶሎትሉን (የእንቁራሪት ዘመድ የሆነ፣ ጅራትና አራት እግር ያለው የውሃ እንስሳ ነው) ከነገንዳው ትቶልኝ ሄደ፣ ዕድሜውን ግን ሳይነግረኝ። ነጭ ነው። በማስመሪያ ስለካው 21 ሳንቲ ሜትር ወጣ። ጭንቅላቱ ጎንና ጎን ያሉት ላባ የሚመስሉ ስንጥቦቹ (ውሃ ውስጥ የሚተነፍስባቸው) ወደ ፊት ቆልመም ብለዋል፣ አንዱ ጫፍ ላይ ጥጥ የመሰለ ነገር አለ። እናቴማ «ይሄ እንሽላሊት ነው ዓሣ?» እያለች ክፍሌ መግባት ትታለች።

ዓሣ ወዳጅ፦ በቁመት ዕድሜ አይታወቅም ወንድሜ። ብዙዎቹ በዓመት ገደማ 18 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ደርሰው ለመራባት ይበቃሉ፣ ከዚያ እድገታቸው ይዘገያል። ስለዚህ ያንተው ትልቅ ሰው ነው፤ 2 ዓመት ይሁን 8 ግን ማንም አይነግርህም። በደንብ ከተያዙ ከ10 ዓመት በላይ ይኖራሉ።

አዳሜ፦ ዕድሜውን ተወውና ጤናውን እይ። ጥጡ ፈንገስ ይመስላል። ስንጥቡ ወደ ፊት መታጠፉ የጭንቀት ምልክት ነው፣ ብዙ ጊዜ ፓምፑ ውሃውን በኃይል ሲገፋው ወይም ውሃው ሲበላሽ ይመጣል። ውሃው ውስጥ ያለውን አሞኒያ (ከኩሱና ከምግብ ትርፍራፊ የሚመጣ መርዝ ነው) ለካ፣ ዜሮ መሆን አለበት። የቧንቧ ውሃም ክሎሪኑን ሳታጠፋ እንዳትጨምር። ሆዱ ከጭንቅላቱ ስፋት ጋር ከተቀራረበ አልከሳም። ሙቀቱ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው፤ የሱሉልታ ብርድ ለሱ ሰርግና ምላሽ ነው፣ እኔ አዳማ ሆኜ በረዶ በላስቲክ እያሰርኩ ነበር ገንዳው ውስጥ የምከተው።

የሱሉልታው፦ ፓምፑን አሁን ቀነስኩት። ለካስ ምስኪኑ ጎርፍ ውስጥ ነበር የሚኖረው! አሞኒያ መለኪያ ፒያሳ አካባቢ ይገኝ ይሆን?