ራጁ «ደህና ነው» ይላል፣ ውሻዬ ግን ያነክሳል

የሽምብጡ ልጅ (ጠያቂ)፦ ሰላም ለዚህ ቤት። መብረቅ የሚባል የ6 ዓመት ግቢ ጠባቂ ውሻ አለኝ። ግማሹ ሸፐርድ፣ ግማሹ ያገራችን ነው፤ 35 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የዛሬ አምስት ሳምንት ሐይቁ ዳር ወፍ ሲያባርር ድንገት ጮኸና የኋላ ግራ እግሩን አንጠልጥሎ ተመለሰ። በሦስተኛው ቀን መርገጥ ሲጀምር ተሻለው ብዬ ተውኩት። አሁን ግን ጠዋት ከተኛበት ሲነሣ ክፉኛ ያነክሳል፣ ትንሽ ሲሄድ ቀለል ይለዋል፣ ሮጦ ያመሸ ቀን ደግሞ ይብስበታል። ራጅ አስነሥቼው «አጥንቱ ደህና ነው፣ ወለምታ ይሆናል» ተባልኩ። ወለምታ አምስት ሳምንት ይቆያል እንዴ? እስከዚያው ዳይክሎፌናክ ግማሽ ፍሬ ብሰጠውስ?

አባይ ማዶ፦ ወንድሜ፣ እኛ ሰፈር እጁ የተባረከ ወጌሻ አለ። ቅቤ ይዘህ ውሰደው። ያባቴን ትከሻ ሁለት ጊዜ መልሶታል።

የኩቲ እናት፦ ኧረ አባይ ማዶ! ምኑ እንደተጎዳ ሳይታወቅ ይታሻል? ያመመው ውሻ እኮ ጌታውንም ይነክሳል፤ ከዚያ ወጌሻውን ማን ሊያሽ ነው? ወንድሜ፣ መጀመሪያ መዳፉን እይ። እኔ ኩቲን «ጉልበቷ ተሰበረ» ብዬ ሁለት ቀን ሳለቅስ ከጣቶቿ መሃል የግራር እሾህ ነው የወጣው። በዓመቱ ግን የምር ጉልበቷን ታመመች። ሦስት አራት እርምጃ እግሯን ሰብስባ ትዘልና ምንም እንዳልሆነ ሰው ትቀጥላለች። ሐኪሙ የጉልበቷ ሎሚ ከቦታው እየወጣ ሲመለስ ነው አለኝ፤ እንደሷ ያሉ ትናንሽ ውሾች ላይ ይበዛል አሉ። ያንተስ እንደዚያ ነው?

የሽምብጡ ልጅ፦ አይደለም እህቴ፣ ያለማቋረጥ ነው የሚያነክሰው። መዳፉን አይቻለሁ፣ ንጹህ ነው።

የእንስሳት ሐኪም፦ ከመጨረሻው ጥያቄህ ልጀምር። ዳይክሎፌናክ እንዳትሰጠው፤ አይቡፕሮፌንም እንደዚሁ። የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱንም ይጎዳሉ። ለውሻ የተሠራ፣ በክብደቱ የሚለካ ማስታገሻ ስላለ ሐኪም ይዘዝለት።

«አጥንቱ ደህና ነው» ያለህ ሰው አልዋሸህም። ጅማት ግን በራጅ አይታይም። ጉልበት ውስጥ መስቀለኛ የተሻገሩ ሁለት ጅማቶች አሉ፤ የፊተኛው ጅማት ቅልጥሙን ወደ ፊት እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። ኳስ ተጫዋች በአንድ አጉል ጥምዘዛ ይበጥሰዋል። ውሻ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ቆየ የጉድጓድ ገመድ ክር በክር ሲሳሳ ይከርምና አንድ ቀን ይለቃል። የውሻ ቅልጥም አናቱ ወደ ኋላ ያዘቀዘቀ ስለሆነ፣ በረገጠ ቁጥር ይህ ጅማት ይወጠራል። ስለዚህ ወፏን ብዙ አትውቀሳት።

እስቲ ቤት ውስጥ ልብ ብለህ እይልኝ። ሲቀመጥ ሁለቱንም ጉልበቶች እኩል አጥፎ ነው ወይስ የግራውን ወደ ጎን ወርውሮ? ቆሞ ሳለ ከኋላው ሁንና ሁለቱን ታፋዎች በእጅህ አነጻጽር። የጉልበቱን የውስጥ ጎንም ዳስስ፤ ከቀኙ ይልቅ ወፍሮና ጠንክሮ ከሆነ ንገረኝ። እግሩን ግን እንዳትጎትት።

የዘጌ ሰው፦ ጣልቃ ልግባ። የኔ ውሻ አንድ ሰሞን በግራ፣ ሌላ ሰሞን በቀኝ ያነክስ ነበር። ከመዥገር የመጣ በሽታ ነው ተብሎ በመድኃኒት ዳነ።

የእንስሳት ሐኪም፦ እውነት ነው፣ ያጋጥማል። እግር የሚቀያይር፣ ትኩሳት ያለው፣ ምግብ እምቢ የሚል ከሆነ የደም ምርመራ ይቅደም። የመብረቅ ግን አንድ እግር ላይ የጸና ነው።

የሽምብጡ ልጅ፦ አየሁት ዶክተር። ሲቀመጥ የግራ እግሩን እንደ ሰካራም ወደ ጎን ይዘረጋዋል! ታፋውን በልብስ ሰፊ ሜትር ለካሁት፤ ግራው በ3 ሴንቲ ሜትር ያንሳል። ውስጡም ወፍሯል። ግን አንድ ሐኪም ጉልበቱን ነካክቶ «አይላወስም» ብሎኝ ነበር።

የእንስሳት ሐኪም፦ ነቅቶ ሳለ ነው የነካካው? እንግዲያው አልገረመኝም። ምርመራው እንዲህ ነው፦ ውሻው በጎኑ ይተኛል፤ ሐኪሙ በአንድ እጁ የጭኑን አጥንት ከታች ጫፉ አጥብቆ ይይዝና በሌላው ቅልጥሙን ከጉልበቱ ሥር ወደ ፊት ይገፋል። እንደ ጠረጴዛ መሳቢያ ከተንሸራተተ ጅማቱ ለቋል። ሌላም አለ፤ ጣትን ከቅልጥሙ ፊት ላይ አሳርፎ ቁርጭምጭሚቱን ማጠፍ፤ ቅልጥሙ ጣቱን ገፍቶ ከወጣ ያው ነው። 35 ኪሎ ውሻ ፈርቶ ጡንቻውን ከወጠረ ግን ቅልጥሙ ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ማስተኛ ይሰጠው። ጅማቱ በከፊል ተበጥሶ ከሆነ ደግሞ ጉልበቱ ተዘርግቶ ሳለ ይጸናና ሲታጠፍ ብቻ ይንሸራተታል። በሁለቱም እንዲሞከር ጠይቅ፤ አትፈር።

ራጁንም አትጣለው። በጎን በተነሣው ላይ ከሎሚው በታች ጠቆር ያለ የስብ ጥላ አለ፤ መገጣጠሚያው ውሃ ከቋጠረ ጥላው ተገፍቶ ይጠባል። አጥንት ብቻ የሚፈልግ ዓይን ያልፈዋል። ስትሄድ አፉን የምታስርበት ሻሽና የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ካርዱን ያዝ።

የሽምብጡ ልጅ፦ ከስምንት ቀን በኋላ ተመለስኩ። ተኝቶ ተመረመረ። ተዘርግቶ ምንም፣ ሲታጠፍ ግን እኔም በዓይኔ አየሁት፣ ወጣ! በከፊል ተበጥሷል ተባለ። ራጁን ድጋሚ ሲያዩት ውሃውም ነበረ። አሁንስ?

የእንስሳት ሐኪም፦ ከ15 ኪሎ በታች ቢሆን ኖሮ ከ6 እስከ 8 ሳምንት አሳርፈው እል ነበር። ለመብረቅ ቀዶ ጥገናው ይሻላል፤ ከፊሉ የተበጠሰ ብዙ ጊዜ ጨርሶ መበጠሱ አይቀርም፣ በጭኑና በቅልጥሙ መሃል እንደ ትራስ ያለው ልም አጥንትም ይቀደዳል። ጎንደርና ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጆች አሉ፤ ከመንገድህ በፊት ደውለህ የውሻ ጉልበት ይሠሩ እንደሆነ አረጋግጥ። እስከዚያው በገመድ ብቻ ይውጣ፣ አይዝለል፣ ምግቡም ይቀነስ። ግማሽ ያህሎቹ ውሾች ውለው አድረው ሁለተኛውንም ጉልበት ስለሚጎዱ ቀኙን አትርሳው።

የሽምብጡ ልጅ፦ እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር። ገመዱን ሲያይ ፊቱን ያዞርብኛል፣ ግን ይለምዳል።

አባይ ማዶ፦ እሺ ተሸነፍኩ። ቅቤው ለክትፎ ይሁን።