ካልሲየም ከፍ ብሎ የፓራታይሮይድ ሆርሞን «ኖርማል» ሲሆን ምን ማለት ነው?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። የ58 ዓመት እናቴ ለጠቅላላ ምርመራ ደም ሰጥታ ካልሲየሟ በዴሲሊትር 11.2 ሚሊግራም ሆኖ ተገኘ፤ ቆይቶ በድጋሚ ሲለካም 11.1 ነበር። በውጤት ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ጤናማ መጠን ከ8.5 እስከ 10.5 ነው። የፓራታይሮይድ ሆርሞኗ ደግሞ በሚሊሊትር 54 ፒኮግራም ሲሆን፣ ወሰኑ ከ15 እስከ 65 ስለሆነ «ኖርማል» ተብሎ ተመዝግቧል። ለደም ግፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ትወስዳለች፤ ቫይታሚን ዲም ሐኪም ሳያዝላት ገዝታ ትጠቀማለች። ከድካምና ከሆድ ድርቀት በቀር የምታማርረው ነገር የለም። ሆርሞኑ ጤናማ ከሆነ ዕጢው ከጥርጣሬ ነጻ ነው ማለት ነው? ስለ ጉዳዩ ባነበብሁ ቁጥር ካንሰር የሚለው ቃል ስለሚመጣብኝ ተጨንቄአለሁ። ወተትና አይብ አቁሚ ያሏትም አሉ።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦
ዕጢው ከጥርጣሬ ነጻ አይደለም፤ እንዲያውም ዋናው ተጠርጣሪ እርሱ ነው። የፓራታይሮይድ ዕጢዎች አራት ሲሆኑ፣ ከእንቅርት ዕጢ በስተጀርባ ተቀምጠው ሥራቸው በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ሲያንስ ሆርሞን ማመንጨት፣ ሲበዛ ደግሞ ማቆም ነው። ካልሲየም 11.2 በደረሰበት ደም ውስጥ ጤናማ ዕጢ ሆርሞኑን ወደ ወሰኑ ግርጌ ወይም ከዚያም በታች ማውረድ ነበረበት። ስለዚህ 54 የሚለው ቁጥር ካልሲየሙ 9 ለሆነ ሰው ጤናማ ቢሆንም ለእናትዎ ግን ከሚገባው በላይ ነው። ወረቀቱ ሁለቱን ቁጥሮች ለየብቻቸው ስለሚመዝን «ኖርማል» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያሳስታል።

የካንሰሩን ስጋት በተመለከተም ይኸው ቁጥር የሚያረጋጋ ነው። ካልሲየማቸው ከፍ ካለ ሰዎች ዘጠና በመቶ ያህሉ መነሻቸው ከሁለቱ አንዱ ነው፤ ወይ የፓራታይሮይድ ዕጢ ከልክ በላይ መሥራት፣ ወይ ካንሰር። ካንሰር ካልሲየምን የሚጨምረው አብዛኛውን ጊዜ ፓራታይሮይድ ሆርሞንን የሚመስል ሌላ ፕሮቲን በማመንጨት ወይም አጥንትን በመሸርሸር ስለሆነ፣ ጤናማ የሆኑት ዕጢዎች ሥራቸውን አቁመው ሆርሞኑ በጣም ዝቅ ብሎ ይገኛል። ካልሲየሙም በፍጥነት ይወጣል፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ካንሰሩ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ቀስ ያለ፣ መጠነኛ የሆነና ሆርሞኑ ያልወረደበት ጭማሪ ግን ወደ መጀመሪያው መንስኤ ያመለክታል። ይህም ካረጡ ሴቶች ላይ የሚበዛ ሲሆን፣ ከአምስቱ በአራቱ ገደማ ላይ ጥፋተኛው በአንዱ ዕጢ ላይ የበቀለ ካንሰር ያልሆነ እባጭ ነው።

መድኃኒቶቹም ሳይታዩ መታለፍ የለባቸውም። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ በሽንት የሚወጣውን ካልሲየም ስለሚቀንስ ተደብቆ የቆየውን የዕጢ ችግር ወደ ላይ ያወጣዋል። እናትዎ በራሳቸው እንዳያቋርጡት፤ ሐኪማቸው በሌላ የግፊት መድኃኒት ተክቶላቸው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ካልሲየሙና ሆርሞኑ በአንድ ላይ ቢለኩ ይሻላል። ቫይታሚን ዲ ከልክ አልፎ ቢሆን ኖሮ ሆርሞኑ ዝቅ ባለ ነበር፤ ያም ሆኖ የቫይታሚኑ መጠን በደም ይለካ።

አንድ ቀሪ አማራጭ አለ። በቤተሰብ የሚወረስና ዕጢዎቹ ካልሲየምን የሚለኩበት ተቀባይ የደነዘዘበት ሁኔታ ተመሳሳይ የደም ውጤት ያሳያል። ጉዳት የሌለው ስለሆነና በቀዶ ሕክምና ስለማይድን ቢላዋ ከመነሳቱ በፊት መለየት አለበት። የሚለየውም የ24 ሰዓት ሽንት ተሰብስቦ ካልሲየሙ ክሬአቲኒን ከተባለው፣ ኩላሊት ከሚያስወግደው ቆሻሻ ጋር ሲነጻጸር ነው፤ የሁለቱ የመወገድ ምጣኔ ከ0.01 በታች ከሆነ ወደዚያ ያዘነብላል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ በሰውነት ውስጥ እያለ የተሰበሰበ ሽንት ግን አሳሳች ነው።

የላብራቶሪ ባለሙያ፦
ከናሙናው በኩል ጥቂት ልጨምር። በደም ውስጥ ካለው ካልሲየም ግማሽ ያህሉ በአብዛኛው አልቡሚን ከተባለው ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ስለሚዞር፣ አልቡሚኑ ሳይታይ ጠቅላላው ቁጥር ብቻውን አይታመንም። አልቡሚን በዴሲሊትር ከ4 ግራም በወረደ ቁጥር ለእያንዳንዱ ግራም በካልሲየሙ ላይ 0.8 ሚሊግራም ይደመራል፤ ውጤቱ ካጠራጠረ ነጻው ካልሲየም በቀጥታ ይለካ። ክንድ ለረጅም ጊዜ ታስሮ የተቀዳ ደምም ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚወሰድ ባዮቲን ካለ ደግሞ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ በአንዳንድ መሣሪያዎች ላይ የፓራታይሮይድ ሆርሞንን በሐሰት ዝቅ አድርጎ ያሳያል።

ጠያቂ፦
አልቡሚኗ 4.1 ነው፤ ባዮቲን አትወስድም። እንግዲህ የዕጢው ችግር ከሆነ የአንገት ስካን አሁኑኑ ይነሳ? ቀዶ ሕክምናስ ግዴታ ነው?

የቀዶ ሕክምና ሐኪም፦
ስካኑ አይቸኩል። በሽታው የሚታወቀው በደምና በሽንት ነው፤ አልትራሳውንድም ሆነ ሴስታሚቢ የተባለው ስካን እባጩ የት እንዳለ ለቀዶ ሐኪሙ ከማሳየት ያለፈ ሥራ የላቸውም። ስካኑ ምንም ስላላሳየ «በሽታ የለም» ተብለው የተመለሱ ታካሚዎች ያጋጥሙኛል፤ ይህ ትክክል አይደለም።

ምርመራው ከተረጋገጠ መፍትሔ የሚሆነው ቀዶ ሕክምና ነው፤ ይሁን እንጂ ምልክት ለሌለው ሰው ሁሉ ወዲያው አይደረግም። ካልሲየሙ ከላይኛው ወሰን ከ1 ሚሊግራም በላይ ካለፈ፣ ዕድሜው ከ50 በታች ከሆነ፣ የአጥንት መሳሳት ወይም የጀርባ አጥንት ስብራት ካለ፣ የኩላሊት ጠጠር ከተገኘ ወይም የኩላሊት የማጣራት አቅም ከ60 በታች ከወረደ ይመከራል። የእናትዎ ካልሲየም ከወሰኑ ያለፈው በ0.7 ብቻ፣ ዕድሜያቸውም 58 ስለሆነ ውሳኔው የሚንጠለጠለው በአጥንታቸውና በኩላሊታቸው ላይ ነው። የአጥንት ጥግግት ምርመራ ሲያደርጉ የክንዳቸው አጥንትም እንዲለካ ይጠይቁ፤ ይህ ሆርሞን በይበልጥ የሚጎዳው ጠንካራውን የአጥንት ክፍል ነውና ከወገብና ከዳሌ ይልቅ በዚያ ቀድሞ ይታያል። ኩላሊትም ሕመም የሌለው ጠጠር እንዳይኖርበት በአልትራሳውንድ ይታይ።

ቀዶ ሕክምና ለማይችሉ ሲናካልሴት ካልሲየሙን ያወርዳል፤ አጥንትን ግን አይጠግንም። አሌንድሮኔት አጥንትን ያጠነክራል፤ ካልሲየሙን ግን እምብዛም አይነካም።

ወተትና አይብ ይቁም የተባለውን አልስማማበትም። በዚህ በሽታ ካልሲየምን ከምግብ መቁረጥ ዕጢውን ይብስ ያነሳሳዋል፤ እንደ ማንኛውም ሰው በመጠኑ ይመገቡ፣ ውኃ በደንብ ይጠጡ።

ሌላ ተሳታፊ፦
አባቴ በካንሰር ምክንያት ካልሲየማቸው 14.6 ደርሶ ግራ እየተጋቡ ሆስፒታል ገብተዋል። እስካሁን የተሰጣቸው የጨው ፈሳሽ ነው። ይህ ለምን ሆነ?

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦
እግዚአብሔር ይማርልዎ። ከ14 በላይ የሆነና አእምሮን የነካ ካልሲየም ድንገተኛ ሕክምና የሚሻ ነው፤ የመጀመሪያው ሕክምናም በትክክል ያ ፈሳሽ ነው። የበዛ ካልሲየም ኩላሊት ውኃ መያዝ እንዳይችል ስለሚያደርገው ሰውነት ይደርቃል፤ የደረቀ ሰውነት ደግሞ ካልሲየሙን በሽንት ማስወገድ ይሳነዋል። ፈሳሹ ይህን አዙሪት ይሰብራል፤ ፍጥነቱ ግን እንደ ልብና ኩላሊት አቅም ይመጠናል። ፉሮሰማይድ የተባለው ሽንት አብዢ መድኃኒት ቀድሞ ለሁሉም ይሰጥ ነበር፤ ዛሬ ፈሳሽ በሰውነት ለተጠራቀመበት ሰው ብቻ ነው።

ከዚያ ጋር ካልሲቶኒን በሰዓታት ውስጥ መጠኑን ያወርዳል፤ ኃይሉ ግን በሁለት ቀን ገደማ ይደክማል። ስለዚህ ዞሌድሮኒክ አሲድ በደም ሥር አብሮ ይሰጣል፤ ሥራው የሚታየው ከ2 እስከ 4 ቀን ቆይቶ ሲሆን ለሳምንታት ይዘልቃል። ኩላሊታቸው ከተጎዳ ዴኖሱማብ ሊተካው ይችላል፤ በኋላ ካልሲየሙ ከልክ በታች እንዳይወርድ ግን ክትትል ይፈልጋል። መንስኤው ሊምፎማ (የሊምፍ ሥርዓት ካንሰር) ከሆነ ስቴሮይድ ይጠቅማል፤ ኩላሊት ፈጽሞ ከደከመ የኩላሊት እጥበት አለ። የሚከታተሏቸውን ሐኪም የኩላሊታቸው የማጣራት አቅም ስንት እንደሆነና ዞሌድሮኒክ አሲድ መቼ እንደሚጀመር ይጠይቋቸው።